ያልተወለዱት ሙሽሮች ዘር ሲቆጠር

የእስራኤል መንግሥት የሳይበር ሠራተኛ አነሰኝ ብሎ ሰው ማፈላለግ በጀመረበት ጊዜ፣ እኔ ኪርያት አርዬ በሚሉት የፔታሕ ቲክቫ የቢሮዎች ሰፈር ውስጥ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ደፍቼ የሰው ቁጣ የምቀበል ሴት ነበርሁ። ኢንተርኔት የተቋረጠበት ሁሉ እኔ ላይ ይጮሃል። እኔም "ይገባኛል፣ ይቅርታ፣ እስኪ አጥፍተው ያብሩት" እላለሁ። ሰው ሲናደድ ምን እንደሚናገር፣ ሲቸኩል ምን ሳያነብ እንደሚያልፍ የተማርሁት እዚያ ወንበር ላይ ነው። ያኔ ግን ትምህርት መሆኑ አልገባኝም፤ ራስ ምታት ነበር የሚመስለኝ።

ማስታወቂያውን ያየሁት ወደ ሥራ ስሄድ አውቶቡስ ውስጥ ነው። የኮምፒውተር ደኅንነት ኮርስ፣ ወጪውን መንግሥት የሚሸፍነው፣ በውትድርናው ጊዜ ኮምፒውተር ላልነካ ሰው የተዘጋጀ። ከታች "ሴቶችና ከኢትዮጵያ ቤተሰብ የመጡ ይበረታታሉ" ይላል። ይሄ "ይበረታታሉ" የሚሉት ቃል ሁልጊዜ ያስቀኛል። ገደል ጫፍ ላይ ቆመሽ ከሩቅ "በርቺ፣ በርቺ" የሚሉሽ ይመስላል። ቢሆንም ተመዘገብሁ።

ለቃለ መጠይቁ አንዲት ሴትና አንድ ሰውዬ ተቀምጠው ጠበቁኝ። ሰውዬው "ስለ መረብ ምን ታውቂያለሽ?" አለኝ። ስለ ኮምፒውተር መረብ ምንም አላውቅም ነበር።

"ዘመዶቼ ከአሽዶድ እስከ ሐይፋ ተዘርግተዋል" አልሁት። "ጠዋት ፔታሕ ቲክቫ ላይ ያስነጠስሁ እንደሆን፣ ማታ ሐይፋ ላይ ያሉት ደውለው 'ይማርሽ' ይሉኛል።"

ሴትየዋ ሳቀች። ሰውዬው አልሳቀም፤ አንገቱን ነቅንቆ አንድ ነገር ጻፈ። ተቀበሉኝ።

ቤት ገብቼ ለእናቴ ነገርኋት። እናቴ በርበሬ ስታጸዳ ነበርና ቀና ሳትል "ሳይበር ደግሞ ምንድን ነው?" አለች።

"ጥበቃ ነው፣ እማ።"

እጇ ቆመ። "ጥበቃ? ሾሜር? ያን ሁሉ ተምረሽ ተምረሽ ሱፐርማርኬት በር ላይ ቆመሽ የሰው ቦርሳ ልትፈትሽ?"

"በር አይደለም የምጠብቀው። ኮምፒውተር ነው።"

"ኮምፒውተሩስ የት ይሄድብሻል? በሽቦ ታስሮ የለም?"

አባቴ ከፋብሪካ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ብዙ አይናገርም። ሲናገርም ለእኔ የሚለውን በእናቴ በኩል ነው የሚያሳልፈው። "መሣሪያ ይሰጧታል ወይ? ጠይቂያት" አለ። እኔ እፊቱ ተቀምጫለሁ።

ኮርሱ ከባቡሩ ፌርማታ ብዙም በማይርቅ አንድ ሕንፃ ውስጥ ነበር። ማቀዝቀዣው በሐምሌ ሹራብ ያስለብሳል። አጠገቤ የምትቀመጠው ከጊቫት ሽሙኤል የምትመጣ የልጆች እናት ነበረች። እሷ ቤት ያሉትን ልጆች በስልክ እየገሠጸች ትምህርቱን ከእኔ ቀድማ የምትይዝ፣ የሚገርም ጭንቅላት ያላት ሴት። አስተማሪያችን ደግሞ ከሠራዊቱ በቅርብ የወጣ ልጅ ነው። በቁምጣና በነጠላ ጫማ ይመጣል። መጀመሪያ ቀን ሳየው ማቀዝቀዣውን ሊጠግን የመጣ መስሎኝ "ትንሽ ቀንስልን" ብየዋለሁ። ቀነሰልን። ከዚያ ወደ ሰሌዳው ሄዶ ማስተማር ጀመረ።

ይህ ልጅ ደጋግሞ የሚለን አንድ ነገር ነበር። "ሌባ ግድግዳ አይቆፍርም። ለምን ይደክማል? በሩን የሚከፍትለት ሰው ውስጥ ተቀምጦለታል።" ስለዚህ ሌባው ለሰው የሚጥመውን መልእክት ይልካል፤ ሰው ራሱ ይጫነዋል። ይህን በቃል ከነገረን በኋላ የቤት ሥራ ሰጠን። እያንዳንዳችን የራሳችን ሰዎች የሚሳሳቱበትን የውሸት መልእክት እንድንሠራ፣ ግን አስቀድመን እንድንነግራቸውና ፈቃዳቸውን እንድንጠይቅ። መልእክቱን የተጫነ ሰው "ይህ ልምምድ ነው፤ ሌባ ቢሆን ተዘርፈህ ነበር" የሚል ገጽ ይከፈትለታል። ገጹን አስተማሪው ራሱ ሠራልን።

እኔም በደንቡ ሄድሁ። ሰንበት ላይ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ሳለ ተነሥቼ ተናገርሁ። "በዚህ ሳምንት የውሸት መልእክት እልክላችኋለሁ። የኮርስ ሥራ ነው። እንዳትጫኑ።"

"እሺ፣ በሰደር!" አሉ ሁሉም በአንድ አፍ።

"ይሄን ለማይታለል ሰው ምን ይነግሩታል?" አለች ክፋር ጋኒም ያለችው አክስቴ፣ የእናቴ ታናሽ። እሷ የቤተሰባችን ዘመናዊ ናት፤ መኪናዋን እየነዳች በድምፅ ማጉያ ስታወራ መንገዱ ሁሉ ይሰማታል።

"እኛን ማን ያታልለናል!" አለች እናቴ። "ስንቱን አታላይ አልፈን ነው እዚህ የደረስነው።"

እንግዲህ ምን ልላክላቸው? ከባንክ ብዬ ብልክ አያነቡትም፤ የባንክ ወረቀት እንኳ ሳይከፍቱ ነው መሳቢያ ውስጥ የሚከቱት። ሽልማት ወጣላችሁ ብል አያምኑም። ማሰብ ማሰብ ሳበዛ አንድ ነገር መጣልኝና ብቻዬን ሳቅሁ። የእኛ ሰው ሞት ቢጠራው ነገ እመጣለሁ ሊል ይችላል፤ ሰርግ ቢጠራው ግን ዛሬውኑ ልብሱን ያወጣል።

የሰርግ መጥሪያ ሠራሁ። ከላይ ወርቃማ ወንበሮች የተደረደሩበት የአዳራሽ ሥዕል አደረግሁ። ለሙሽራውም ለሙሽራዪቱም ከነአባታቸው ከነአያታቸው ስም አወጣሁላቸው፤ ስሞቹን ጎንደር ውስጥ እያንዳንዱ መንደር ከሚያውቃቸው ስሞች ነው የመረጥኋቸው። ጽሑፉን በአማርኛ አሳምሬ ጻፍሁና ከሥር "የሙሽሮቹን ፎቶና የአዳራሹን አድራሻ ለማየት እዚህ ይጫኑ" አልሁ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በዕረፍት ሰዓት፣ የኮርሱን መጥፎ ሻይ እየጠጣሁ፣ በቤተሰባችን ዋትሳፕ ላይ ለቀቅሁት።

ሻዩን ሳልጨርስ አክስቴ ተጫነችው። ከዚያ እናቴ። ከዚያ አባቴ፣ ደግሞ አባቴ፣ ደግሞም አባቴ። ኋላ ስጠይቀው "ፎቶው እንቢ አለኝ" አለ። የተከፈተለት ገጽ ከዳር እስከ ዳር "ተታለሃል" ይላል፤ ግን በዕብራይስጥ ነው። ወጥመዱን በአማርኛ ሠርቼ ማስጠንቀቂያውን በዕብራይስጥ ትቼዋለሁ። ለዚህ እንኳ ራሴን ብዙ አልወቅስም፤ አገሩ ራሱ ለወላጆቻችን ሲጽፍ የኖረው እንዲያ ነው።

ሠራዊት ውስጥ ያለው ታናሽ ወንድሜ ብቻ ዕብራይስጡን ያነባል ብዬ ተማምኜ ነበር። ደወልሁለት። "እኔ አልተጫንሁም" አለ በዕብራይስጥ፣ ኩራት እያለው። "ምን ያህል ሞኝ አደረግሽኝ?"

"ጎበዝ።"

"ለአያቴ እህት ልጆች ብቻ አስተላለፍሁላቸው። ሰርግ ስለሆነ እንዳያመልጣቸው።"

ከዚያማ ውሃው ግድቡን ጣሰ። አስተማሪው ማሳያው ላይ የተጫኑትን ሰዎች ቁጥር እያየ መጀመሪያ ደስ አለው። "በጣም ጥሩ መልእክት ነው!" አለኝ።  ከዚያ ነጠላ ጫማውን እየጎተተ መጣ። "ቤተሰብሽ ስንት ሰው ነው ያልሽኝ?" አለ። ከነታንያ ይጫናሉ፣ ከረሖቮት ይጫናሉ፣ ከኪርያት ጋት ይጫናሉ። እኔ የማላውቃቸው ሰዎች፣ ፈቃድ ያልጠየቅኋቸው ሰዎች። ልጁ ደነገጠና ገጹን አጠፋው። ከጊቫት ሽሙኤል የምትመጣዋ ጓደኛዬ በሳቅ ከወንበሯ ልትወድቅ ምንም አልቀራት። የሷን መልእክት ማንም አልተጫነውም ነበር።

በእኔ ቤት ነገሩ በዚህ አለቀ። ለካስ ገና መጀመሩ ኖሯል። ማጥፋቱ ነው ያባሰው። ሐሙስ ይከፈት የነበረው መጥሪያ ዓርብ አልከፈት ሲል፣ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ገባው፤ ሰርጉ ቀርቷል። ሰርግ ደግሞ በከንቱ አይቀርም። ምክንያት አለው። ምክንያቱን ሳያገኝ ሰንበትን የሚያሳልፍ ዘመድ የለኝም።

እሑድ ከኮርስ ስመለስ በራችን ላይ ሦስት ጥንድ የሽማግሌ ጫማ ተደርድሯል። ገባሁ። የእናቴ አጎት ትልቁ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ከግራና ከቀኝ ሁለት ሽማግሌዎች። የእናቴ አጎት በዘር ቆጠራ የታወቁ ናቸው። እኛ ዘንድ እስከ ሰባት ቤት ዘመድ ከዘመድ አይጋባም፤ ሁለት ልጆች ሲተጫጩ መጀመሪያ የሚደወለው ለእሳቸው ነው። አባቴ ጥግ ላይ እጁን አጣምሮ ተቀምጧል። እናቴ ከወጥ ቤት በር አልፋ አትመጣም፣ ግን አንዲትም ቃል እንዳታመልጣት ቧንቧውን ዘግታዋለች።

ጉልበት ስሜ ተቀመጥሁ።

"ልጄ" አሉ የእናቴ አጎት። "መጥሪያው ከአንቺ ስልክ ነው የወጣው አሉ።"

"አዎ፣ አባባ።"

"እንግዲያው የሙሽራዪቱ ቤተሰቦች አንቺን ይሰሙሻል። ቶሎ ንገሪያቸው። ይሄ ጋብቻ አይሆንም።"

"ለምን፣ አባባ?"

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የሙሽራውን አያት ስም ጠሩ፣ እኔ የፈጠርሁትን። ያ ሰውዬ ከየትኛው መንደር እንደነበር፣ ማንን እንዳገባ፣ በክፉ ቀን በቅሎውን ለማን እንደሸጠ ተናገሩ። ከዚያ የሙሽራዪቱን አያት አነሡ፤ እሱንም እኔ ነኝ አውቶቡስ ውስጥ የፈጠርሁት። እናቱ ወገራ የተዳረች፣ ዓይነ ስውር ወንድም የነበራት፣ ድምፀ መልካም። በመጨረሻ ሁለት ጣታቸውን አጋጠሙ። "አምስተኛው ቤት ላይ ይገናኛሉ። ወንድምና እህት ናቸው ማለት ነው።"

ሁለቱ ሽማግሌዎች "እውነት ነው" ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። አንደኛው በቅሎዋን ራሳቸው አስታውሰዋታል። ግራጫ ነበረች አሉ።

ሳቄ ከሆዴ ተነሥቶ ጉሮሮዬ ላይ ደርሷል። በሽማግሌ ፊት መሳቅ አይሆንም። ምላሴን ነክሼ መሬት መሬት አየሁ። እሳቸው ያዘንሁ መሰላቸው።

"አይዞሽ" አሉኝ። "ባለማወቅ ነው።"

"አባባ፣ ሰዎቹ የሉም" አልሁ።

"ወዴት ሄዱ?"

"የትም አልሄዱም። ድሮም የሉም። እኔ ነኝ የፈጠርኋቸው። ለትምህርቴ ነው፤ ሌባ በስልክ ሰውን እንዴት እንደሚያታልል ለማሳየት።"

የእናቴ አጎት ወደ ጓደኞቻቸው ዞሩ። "ልጅቱን ልትሸሽግ ነው" አሉ በዝግታ። "ተዋውለዋል።" አንደኛው ሽማግሌ "የዛሬ ልጆች" አሉና ምላሳቸውን ጠቅ አደረጉ።

ግማሽ ሰዓት ያህል ሳልፈጅ አልቀረሁም። ስልኬን አውጥቼ መጥሪያውን የሠራሁበትን አሳየኋቸው። እዚያው ፊታቸው ሌላ ሙሽራ ፈጠርሁ፣ ሌላ አዳራሽ አደረግሁ። አባቴ እንኳ ተነሥቶ መጣና በትከሻዬ ላይ አጎንብሶ አየ። ቀስ በቀስ ፊታቸው ተለወጠ።

"እንግዲያ ሙሽራው የለም?"

"የለም።"

"ሙሽራዪቱስ?"

"የለችም።"

  እኔ እንደሚቆጡ እየጠበቅሁ ነበር።

"እሰይ!" አሉ የእናቴ አጎት፣ ጭናቸውን መትተው። "እንግዲያው ዘመድ ከዘመድ አልተጋባም!"

እናቴ ወጥ ቤት ውስጥ ፈነዳች። ከእሷ በኋላ እኔ፣ ከእኔ በኋላ አባቴ፣ በመጨረሻም ሽማግሌዎቹ። ዕንባችን እስኪመጣ ሳቅን። ሳቁ በረድ ሲል ግን የእናቴ አጎት ግንባራቸውን ቋጠሩ።

"ቆይ እስቲ። እኔ ዘራቸውን ቆጥሬ አግኝቻቸዋለሁ። የሌለ ሰው እንዴት ዘር ይኖረዋል?"

ይህን ጥያቄ አስተማሪዬ ቢሰማው ኖሮ ሰሌዳው ላይ ይጽፈው ነበር። "እኔ የሰጠሁዎ ስም ብቻ ነው፣ አባባ" አልኋቸው። "መንደሩንም፣ በቅሎዋንም፣ ዓይነ ስውሩንም የጨመሩት እርስዎ ነዎት። ሌባም እንዲሁ ነው የሚያደርገው። ግማሹን ይሰጥዎታል፤ የቀረውን እርስዎ ይሞሉለታል።"

ብዙ አሰቡ። ነገሩ አልጣማቸውም፤ ግን ገባቸው። ከዚያ ከኮታቸው ኪስ ስልካቸውን አውጥተው ሰጡኝ። "እንኪ እስኪ ይሄን እዪልኝ። ዕቃ መጥቶልሃል ይላል። እኔ ዕቃ አላዘዝሁም፣ ግን ይሰጠኝ ብዬ ፖስታ ቤቱን ሳጠያይቅ ሰነበትሁ።"

የሌባ መልእክት ነበር። አጠፋሁላቸው። ሁለተኛው ሽማግሌም በፍጥነት የራሳቸውን ስልክ ዘረጉልኝ። "የእኔንም ሌባ አጥፊው። በየቀኑ እየመጣ ነው፤ እኔ ግን ብልጥ ነኝ፣ አልከፍትለትም።"

አየሁት። "አባባ፣ ይሄ ሌባ አይደለም። የዓይን ሐኪምዎ ነው። ቀጠሮዎ ትናንት ነበር።"

የኮርሱ ማብቂያ ላይ ሥራችንን ለማየት ወጪያችንን ከሸፈነው መሥሪያ ቤት አንድ ኃላፊ መጣ። ክራባት ያሰረ፣ ቸኩሎ የገባ ሰው ነው። የመንግሥት ገንዘብ ምን እንዳፈራ ሊያይ ነው የመጣው። እያንዳንዳችን ተራ በተራ አቀረብን። የእኔ ተራ ሲደርስ አስተማሪው ወደ ግድግዳው ዞሮ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ።

"መልእክቱን ከላክሽላቸው ሰዎች ምን ያህሉ ተጫኑት?" አለኝ ኃላፊው።

"ከላክሁላቸው በላይ።"

"ስሌቱ ላይ ስሕተት አለ" አለ።

"ስሌቱ ላይ ስሕተት የለም። ዘመድ ነው ያለው።"

ሁሉንም ነገርሁት፣ እስከ ግራጫዋ በቅሎ ድረስ። መጀመሪያ ሰዓቱን ያይ ነበር፤ ኋላ ክራባቱን አላላው። በመጨረሻም እየሳቀ "ከዚህ ምን እንማራለን?" አለኝ።

"ማስጠንቀቂያውን ሰው በሚያነበው ቋንቋ ጻፉት" አልሁት።

"ግሩም ሐሳብ ነው። ኮሚቴ ይመለከተዋል።"

ኮሚቴው እስከ ዛሬ እየተመለከተው ይሆናል። እኔ ግን አልጠበቅሁትም። የእናቴ አጎት ሽማግሌዎቹ በሚሰበሰቡበት ክበብ ወሰዱኝና ለሁሉም በአማርኛ እንዳስረዳ አደረጉኝ። ሲያስተዋውቁኝ "ይቺ ናት እኛን ያታለለችው ሌባ" ብለው ነው፣ በኩራት። የማላውቀው ሰው ሲደውል ምን ልበል ብለው ሲጠይቁኝ "ልጁን ሊያጋባ እንደመጣ ሰው ቁጠሩት" አልሁ። "የማን ልጅ ነህ፣ ከየት ነህ፣ ማን ያውቅሃል በሉት።" ከዚያ ሳምንት በኋላ፣ ከባንክ በእውነት የሚደውሉ ሠራተኞች ለሽማግሌዎቹ የአያታቸውን ስምና መንደር ሲያስረዱ እንደሚውሉ ሰምቻለሁ።

ሥራ ወዲያው አልተገኘም። ማስታወቂያው ላይ ሠራተኛ አጥቶ የሚያለቅሰው አገር፣ በር ስታንኳኪ "ልምድ አለሽ?" ይላል። በየቦታው ጠየቅሁ፤ በየቦታው መለሱኝ። እዚያው ኪርያት አርዬ ያለ አንድ ድርጅት ግን የሰርጉን ነገር ከሆነ ቦታ ሰምቶ ኖሮ ጠራኝ። ሥራዬ የሠራተኞቹን ንቃት መፈተን ሆነ፤ በየጊዜው የውሸት መልእክት እልክላቸዋለሁ፣ ማን እንደተጫነ አያለሁ፣ ከዚያ አስተምራቸዋለሁ። ለተንኮል ደመወዝ ይከፈላል ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

የመጀመሪያውን መልእክት ለማዘጋጀት ሠራተኞቹን ጥቂት ቀን ዝም ብዬ አየኋቸው። ኪርያት አርዬ ውስጥ ሰው ጠዋት ጠዋት ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚጣላው፤ ስለ መኪና ማቆሚያ። ስለዚህ "ምድር ቤት ያሉት የማቆሚያ ቦታዎች እንደገና ሊደለደሉ ነው፤ ቦታዎን እንዳያጡ ከምሳ በፊት እዚህ ይጫኑ" ብዬ ጻፍሁ። የክፍላችን አለቃ ሳይፈቅድ ምንም አይላክምና መጀመሪያ ለእሱ አሳየሁት። ጠንቃቃ ሰው ነው፤ የራሱን ቡና እንኳ ሳያሸት አይጠጣም። ሁለት ጊዜ አነበበው፣ አንዲት ፊደል አረመልኝ፣ "ጥሩ ነው፣ በይ ያላ፣ ላኪው" አለኝ።

ላክሁት። ፎቁ ሁሉ ተጫነው። የተጫኑትን ስም ሳይ ከላይ፣ ከሁሉም ቀድሞ፣ የአለቃዬ ስም ተቀምጧል።

ቢሮው ሄድሁና በሩን ዘጋሁ። "አንተ አይደለህ እንዴ ያጸደቅኸው?"

ጆሮው ድረስ ቀላ። ወደ መስኮቱ ዞሮ ታች ያለውን የመኪና መዓት አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ "አውቃለሁ" አለኝ። "ግን ምናልባት እውነት ቢሆንስ ብዬ ነው።"